አጭር እግር በረጅም ሞተር ላይ

በ1984 በተካሄደው የፓሪስ–ዳካር ውድድር በሞተር ሳይክል አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሰዎች የነዱት የአንድ ፋብሪካ ሞተር ነበር፤ ቢኤምደብሊው። ሁለተኛው ፈረንሳዊው ኡቤር ኦሪዮል ነው፤ በ1952 አዲስ አበባ የተወለደ፣ የውድድሩ ሰዎች «አፍሪካዊው» የሚሉት፣ መለሎ ሰው። ከዚያ በፊት በ1981 እና በ1983 በዚሁ ዓይነት ሞተር አሸንፏል። በ1984 የቀደመው ግን ቤልጂየማዊው ጋስቶን ራይዬ ነበር። የራይዬ ቁመት 1 ሜትር ከ70 እንኳ አይሞላም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚያን ዘመን የዳካር ሞተር በፎቶግራፍ እንኳ ያየ ሰው የራይዬ ችግር ወዲያው ይገባዋል። ለበረሃ የተሠራ ግዙፍ የነዳጅ ታንክ፣ ከታንኩ ኋላ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ኮርቻ፣ ከሥሩ በቀኝና በግራ የወጡ ሁለት ሲሊንደሮች። ራይዬ ሲቆም ሁለቱም እግሮቹ አንድ ላይ መሬት አይደርሱም። ሞተሩን አስነስቶ አንድ እግሩን መርገጫው ላይ ያደርግና፣ ሞተሩ መሄድ ሲጀምር ሌላውን እግሩን አሻግሮ ይቀመጥ እንደነበር ይነገርለታል፤ ፈረሰኛ እርካብ ረግጦ እንደሚወጣው ማለት ነው። በ1985ም ድሉን ደገመው። ዳካር ከመድረሱ በፊት ከ1975 እስከ 1977 በተከታታይ የ125 ሲሲ የሞቶክሮስ (ጥርጊያ በሌለው ሜዳ የሚካሄድ የሞተር ውድድር) የዓለም ሻምፒዮን ነበርና ሰውየው ሚዛንን ከልጅነቱ ያጠና ነው።

እኔ ይህን ታሪክ የሰማሁት ዘግይቼ፣ ወድቄ ከተነሳሁ በኋላ ነው። ወጣት ሳለሁ በምሥራቅ ጎጃም የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ለመስክ ሥራ የደረሰኝ ዲቲ ነበር፤ ባለ ረጅም ሾኩ፣ ጭቃ መከላከያው ከፊት ጎማው ርቆ የተሰቀለው ያማሃ። ከብሽሽቴ እስከ ተረከዜ 72 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ የገበያ ቀን፣ ከደጀን ወደ ቢቸና በሚወስደው የጠጠር መንገድ ጤፍ የጫኑ አህዮችን ልቀድም ብዬ ወደ ግራ ወጣሁ። ከፊቴ ከብት ገባ። ፍሬን ያዝኩ፣ ሞተሩ ቆመ፣ ግራ እግሬን ዘረጋሁ። እግሬ መሬት አላገኘም፤ የመንገዱ ጠርዝ ወደ ቦዩ አዘቅዝቆ ነበር። ሞተር አንዴ ከልኩ በላይ ካዘመመ ደግሞ በክንድ አይመለስም። እኔ ከሥር፣ ሞተሩ ከላይ፣ የክትባቱ የበረዶ ሣጥን ቦዩ ውስጥ። አህዮቹን የሚነዱት አዛውንት ሞተሩን ከላዬ አነሱልኝና «አይዞህ ልጄ፣ ፈረስም ይጥላል» አሉኝ።

አቧራዬን እያራገፍኩ የገባኝ ነገር ቢኖር የወደቅኩት እየነዳሁ ሳይሆን ቆሜ መሆኑ ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስሄድ እግሬ ይጠር ይርዘም ሞተሩ ግድ የለውም። ችግሩ ያለው በመነሻዋና በመቆሚያዋ ቅጽበት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሲከነክነኝ ኖረ፤ እነዚህ ሞተሮች እንዲህ ከፍ እንዲሉ ማን ፈረደ?

በመጀመሪያ እንዲህ አልነበሩም። እስከ 1960ዎቹ ድረስ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ሁለት እግሩን ተክሎ ይቆም ነበር። እንዲያውም በታሪክ ከሁሉ በላይ የተሸጠችው ሞተር የተነደፈችው ከነጂው አካል በመነሳት ነው። የሆንዳ የንግድ አንጎል የነበረው ታኬዎ ፉጂሳዋ፣ ሶባ የተባለውን የጃፓን ምግብ የሚያደርስ ልጅ በአንድ እጁ ትሪውን ይዞ በሌላው ሊነዳት የሚችል ሞተር ፈለገ። በ1958 የወጣችው ሱፐር ካብ መካከሏ ዝቅ ያለ፣ የእጅ ፍሪሲዮን የሌላት፣ ቀሚስ የለበሰ ሰው ሳይቸገር የሚቀመጥባት ሆነች። በ2017 የተሠሩት ቁጥር 100 ሚሊዮን ደረሰ።

ነገሩን የለወጠው ሞቶክሮስ ነው። በ1970ዎቹ መግቢያ የአንድ ሞተር የኋላ ጎማ ሽቅብና ቁልቁል የሚጫወተው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በዚያን ጊዜ ሉሲየን ቲልከን የተባለ ቤልጂየማዊ መሐንዲስ ሁለቱን የኋላ ሾኮች አውጥቶ በአንድ ረጅም ሾክ ተካቸው። ሐሳቡን ያማሃ ገዛው። በ1973 ስዊድናዊው ሆካን አንደርሰን በዚሁ ዓይነት ሞተር የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ሌሎቹ ፋብሪካዎች ተከትለው ሮጡ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ የጎማው ጨዋታ 30 ሴንቲ ሜትር ደረሰ። ጎማው ይህን ያህል ሽቅብ ሲዘል ከኮርቻው ጋር እንዳይጋጭ ኮርቻው ወደ ላይ መሸሽ አለበት። የሞተሩ ሆድም ድንጋይ እንዳይመታው መነሳት አለበት። የሰው እግር ብቻ ባለበት ቀረ።

ዳካር ይህን ከፍታ ከሞቶክሮስ ሜዳ አውጥቶ ለዓለም አሳየው። የመጀመሪያው ውድድር በታኅሣሥ 1978 ከፓሪስ ተነሳ፤ ፈረንሳዊው ሲሪል ኔቩ በያማሃ ኤክስቲ 500 አሸነፈ። ቢኤምደብሊው በ1980 ያወጣው አር 80 ጂ/ኤስ የኮርቻው ከፍታ 860 ሚሊ ሜትር ነበር። ጂ/ኤስ ማለት በጀርመንኛ የሁለት ቃላት መነሻ ፊደል ነው፤ አንዱ ጥርጊያ የሌለው መሬት፣ ሌላው ጎዳና። የኦሪዮልና የራይዬ ድል ያንን ሞተር ሸጠ፤ የሌሎች ፋብሪካዎችም ትልልቅ ሞተሮች በዚያው መልክ ተቀረጹ። ቅር የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። ለሰሃራ አሸዋ የተሰላ ከፍታ፣ አሸዋ በዓይኑ አይቶ ለማያውቅ የአስፋልት ነጂ የጀግንነት ምልክት ሆኖ ቀረበለት። እግሩ የማይደርስም ጥፋቱን በራሱ አካል ላይ ፈለገ። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ሳስብ ነበር።

በዚያው ዘመን ግን ከጃፓን ሌላ መልስ ወጥቷል፤ የሚገባውን ያህል ሲነገርለት አልሰማሁም። ያማሃ በ1985 «ሴሮው» የምትባል 225 ሲሲ ሞተር ሠራ። ስሟ በጃፓን ተራሮች ገደል ላይ የሚኖር ፍየል መሳይ እንስሳ ስም ነው። ክብደቷ ከ100 ኪሎ ብዙም አይዘልም፣ የመጀመሪያዋ ሴሮው ኮርቻ 810 ሚሊ ሜትር ላይ ነበር፣ መሪዋ እስከ ዳር ይታጠፋል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የተነሳችበት ሐሳብ ነው፤ «ሁለት ጎማ፣ ሁለት እግር»። ነጂው በጠባብ የተራራ መንገድ ሲሄድ እግሮቹን አውርዶ መሬቱን እየገፋ እንዲወጣ ታስቦ የተሠራች ሞተር ነች። እግር ማውረድ ለተወዳዳሪ ነውር ነው፤ ለሴሮው ንድፍ አውጪዎች ግን የአነዳዱ አንድ ክፍል ነበር። ሞተሯ በተለያየ መልክ እስከ 2020 ተሠርታለች። እንግሊዛዊቷ ሎይስ ፕራይስ ከአላስካ ተነስታ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ እስከ ኡሹዋያ የሄደችው በዚህችው 225 ሲሲ ሞተር ነው። ለጎጃም ደጋ የትኛው ሞተር የሚስማማ ይመስልሃል ብባል ያለ ማመንታት ሴሮውን እመርጣለሁ።

ነገር ግን ብዙ ሰው ሞተር አይመርጥም፤ የተሰጠውን ወይም ያገኘውን ይነዳል። ስለዚህ ያለውን ሞተር ማስማማት የሚባል ሙያ አለ፤ ቅደም ተከተሉን የማያውቅ ደግሞ ሞተሩን ያበላሻል። እኔም አበላሽቻለሁ። ከወደቅኩ በኋላ ያመራሁት የመኪና ወንበር ወደሚያለብስ ባለሙያ ነበር። ኮርቻውን ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ አጋደመው፣ በጠመኔ አሰመረ፣ በረጅም የዳቦ ቢላ ስፖንጁን ከላይ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ገፈፈው። ስወጣበት እግሬ ደረሰ፤ ደስ አለኝ። ደስታዬ ቢቸና እስክደርስ ድረስ ብቻ ነበር። ከሥር ያለው ጠንካራ ሰሌዳ አጥንቴን መታው፣ ጉልበቴም ከቀድሞው ይበልጥ ስለታጠፈ ስወርድ መዘርጋት አቃተኝ። ተመልሼ ስሄድ ባለሙያው አዲስ ስፖንጅ አለበሰና ከላይ ሳይሆን ከጎን ቆረጠልኝ፤ ከታንኩ ጋር የሚገናኘውን የኮርቻውን ትከሻ በሁለቱም በኩል አሾለው። ከፍታው ከፋብሪካው ብዙም ሳይለወጥ እግሬ ግን ወደ መሬት ቀረበ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እግር ከኮርቻው ጫፍ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ወርዱን ዞሮ ነው የሚወርደው። ሰፊ ኮርቻ ዝቅ ቢልም እግርን ከፍቶ ያሳጥረዋል። ስለዚህ ሞተር ሲገዛ ወረቀቱ ላይ ያለውን የከፍታ ቁጥር ብቻ ማየት ያሳስታል። ከአንዱ እግር ሥር ተነስቶ በኮርቻው ላይ አልፎ እስከ ሌላው እግር ሥር ያለውን ርዝመት በሜትር መለካት ይሻላል። ቢኤምደብሊው ዛሬ ይህን ልክ ከኮርቻው ከፍታ ጎን ያትመዋል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ሞላው ነው። ሞተር ሰው ሲቀመጥበት ይሰምጣል፤ ጥርጊያ ለሌለው መሬት በተሠራ ሞተር ላይ ስምጠቱ ከጎማው ጨዋታ ሲሶ ገደማ እንዲሆን ይፈለጋል። የፋብሪካው ሞላ ግን የሚሰላው ከእኔ ለሚከብድ ሰው ነው። እኔ 56 ኪሎ ነበርኩ፤ ሞላው አልሰመጠልኝም። አጭርና ቀላል ሰው በዚህ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ እግሩ አይደርስም፣ ሞተሩም አይሰምጥለትም። ለክብደቱ የሚስማማ ለስላሳ ሞላ ቢያስገባ ሞተሩ ዝቅ ይላል፤ መንገዱም ይለሰልስለታል። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት ወገቤን አስደበደብኩ።

ከዚህ አልፎ ሞተሩን ራሱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከኋላ ሾኩን ከጎማው ክንድ ጋር የሚያያይዙትን አጫጭር ብረቶች በረዘሙ መቀየር፣ ከፊት ደግሞ ጎማውን የያዙትን ሁለት ቱቦዎች በማሰሪያቸው ውስጥ ሽቅብ መግፋት። የሱዙኪ ዲአር 650 ፋብሪካው ራሱ ይህን አስቦበታል፤ ሾኩ በሌላ ቀዳዳ ሲታሰር ኮርቻው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ግን ሁሉም ዋጋ አለው። ሆዱ ድንጋይ ይመታል። ኋላው ብቻ ወርዶ ፊቱ ካልወረደ መሪው ይከብዳል። የጎን ማቆሚያው ካላጠረ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ቀጥ ይልና ነፋስ ይጥለዋል። የወረደ ሞተር ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው ማቆሚያውን ነው፤ የሠራውን እጅ ይናገራል።

አሁን ደግሞ ሞተሩ ራሱ የሚንበረከክበት ዘመን መጥቷል። በ2021 የወጣው የሃርሊ ዴቪድሰን ፓን አሜሪካ መሣሪያው ሲገጠምለት ሊቆም ሲል በኤሌክትሮኒክስ ታዝዞ ዝቅ ይላል። በ2023 የወጣው የቢኤምደብሊው አር 1300 ጂኤስም እንደ አማራጭ በሚገጠም መሣሪያ ሲቆም ከ850 ወደ 820 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ ፍጥነት ሲያገኝ ይነሳል። ራይዬ በሮጠበት በሰሃራ ግመል ለጫኚው ሲንበረከክ የኖረ ነው፤ ሞተሩ ያንን ለመማር ከዳካር ድል በኋላ አርባ ዓመት ያህል ፈጀበት። ዋጋው ግን በወረዳ የሚሠራ ሰው እጅ የሚገባ አይደለም።

ለእሱ የቀረለት እግሩና መንገዱ ነው። ሁለት እግር መትከል ግዴታ አይደለም፤ አንዱ ይበቃል። በአገራችን በቀኝ ስለምንነዳ መንገዱ ከመሃል ወደ ቀኝ ጠርዝ ያዘቀዝቃል። ስለዚህ በራሳችን መስመር ላይ ስንቆም ግራ እግራችን የሚያገኘው ከፍ ያለውን ወገን ነው፤ ቀኝ እግር ደግሞ የኋላ ፍሬኑን ረግጦ ይቀራል። መቀመጫን በግማሽ ወደ ግራ ማንሸራተት ነው፣ ሞተሩም አይነቃነቅም። እኔ የወደቅኩት ወደ ግራ ጠርዝ ተሻግሬ ቁልቁለቱን ለግራ እግሬ ስለሰጠሁት ነው።

ከሥራው ከመልቀቄ በፊት ያቺን ዲቲ የተረከበችኝ አንዲት ወጣት ባለሙያ ነበረች፤ ከእኔም ታጥራለች። ኮርቻው ትከሻው እንደሾለ ነው። ሦስት ቀን አብሬያት ወጣሁ። በመጀመሪያው ቀን በቆመች ቁጥር በጣቶቿ ጫፍ ሁለቱንም ወገን እየፈለገች ትንገዳገድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከአንድ በግ እረኛ አጠገብ ልትቆም ስትል ከሩቅ ቀነሰችና የመንገዱን ወለል አየች፤ ከፍ ያለ ድንጋይ ያለበትን ቦታ መርጣ ግራ እግሯን አሳረፈች፣ ሞተሩንም ሳታጠፋ «ጋሼ፣ ክትባቱን ያምጡልኝ» አለችኝ።