የአንኮበር የውሃ ወፍጮና የስበት ጥያቄ

እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የእጅ ጥበብ ያላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ወደ አንኮበር ማስጠጋት ይወዱ ነበር። ከእነዚህም አንዱ ድሜጥሮስ የተባለ አልባናዊ ሲሆን፣ ከከተማው በታች በሚወርደው በአይራራ ወንዝ ላይ በውሃ የሚዞር ወፍጮ ሠራላቸው። እ.ኤ.አ. በ1841 አንኮበር የገባውን የእንግሊዝ ልዑክ መሪ ሻምበል ሐሪስን ጨምሮ በዚያ ዘመን ሸዋን የጎበኙ አውሮፓውያን እንደ ጻፉት፣ ወፍጮው ብዙ ሳያገለግል ቀሳውስቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስላወገዙት ሥራው ቆመ። የቤተ መንግሥቱም እህል እንደ ቀድሞው በብዙ ሴቶች ክንድ በድንጋይ ወፍጮ መፈጨቱን ቀጠለ። ለወፍጮው መቆም ዋጋ የከፈሉት እነዚህ ሴቶች መሆናቸውን ታሪኩን የሚያነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አያነሡትም።

ይህ ታሪክ ሲነገር የድንቁርና ምሳሌ ሆኖ መቅረቡ የተለመደ ነው። ነገር ግን የቀሳውስቱን ፍርድ ትተን ከፍርዱ በስተኋላ ያለውን ጥያቄ ብንመለከት፣ ጥያቄው የሚናቅ አልነበረም። ድንጋዩን የሚያዞረው መንኰራኵሩ፣ መንኰራኵሩን የሚያዞረው ውሃው መሆኑ ይታያል፤ ውሃውን ቁልቁል የሚስበው ግን አይታይም። ገመድ የለውም፤ እጅም አይነካውም። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ማናቸውም ሁለት ቁሶች እርስ በርሳቸው እንደሚሳሳቡ፣ የስበቱም ጉልበት ከሁለቱ መጠነ ቁስ ብዜት ጋር እንደሚያድግና ከርቀታቸው ካሬ ጋር በተቃራኒው እንደሚቀንስ ቢያስረዳም፣ ላይብኒትስን የመሳሰሉ የአውሮፓ ሊቃውንት ሳይነካ የሚስብ ኃይል ምሥጢራዊ አስማት ነው ብለው ተቃውመውታል። ኒውተን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1693 ለቤንትሊ በጻፈው ደብዳቤ፣ አንድ ቁስ ያለ አንዳች አገናኝ በባዶ ሕዋ ውስጥ ሌላውን ይስባል ማለት ለአእምሮ የማይመች ሐሳብ መሆኑን አምኗል። ልዩነቱ አውሮፓውያኑ እየተከራከሩም ቢሆን ስሌቱን መጠቀማቸውን አለማቆማቸው ነው። በአንኮበር የቆመው ወፍጮው ነው።

እንግዲህ በዚህ አካባቢ ስበትን የሚያስተምር መምህር ከእንግሊዝ አገር የፖም ዛፍ የሚነሣበት ምክንያት ግልጽ አይደለም። የሰሜን ሸዋ ምድር ራሱ ትልቅ ሠንጠረዥ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የውሃ መለያውን ያቋርጣል፤ በምዕራብ በኩል የበሬሳ ውሃ በጀማ አድርጎ ወደ ዓባይ ይወርዳል፣ በምሥራቅ በኩል የአይራራ ውሃ በገደሉ ተንደርድሮ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ሁለቱንም የሚወስደው አንድ ስበት ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለችና ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ፣ የስበት ፍጥንጥነት እዚያ ወደ 9.77 ሜትር በሰከንድ ካሬ ዝቅ ይላል፤ በፓሪስ 9.81 ነው። በፓሪስ የተስተካከለ የፔንዱለም ሰዓት ደብረ ብርሃን ቢተከል በቀን ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሪሼር እ.ኤ.አ. በ1672 ሰዓቱን ወደ ካየን ይዞ ሲሄድ በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ያህል መዘግየቱን ማስተዋሉ፣ የምድርን ቅርጽ በሚመለከት ለተነሣው ክርክር መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ነበር።

በክፍል ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ምድር ብቻ ሳትሆን ማናቸውም ቁስ እንደሚስብ ማሳመን ነው። ተማሪው ቀመሩን በቃሉ ይወጣዋል፤ ሁለት ድንጋዮች ሲሳሳቡ አይቶ ስለማያውቅ ግን በልቡ አይቀበለውም፤ በዚህም አይፈረድበትም። በደብረ ብርሃን ገበያ ሁለት ኩንታል ገብስ ማዕከላቸው በ1 ሜትር ርቀት ቢቀመጥ፣ ምድር አንዱን ኩንታል የምትስብበት ጉልበት ኩንታሎቹ እርስ በርሳቸው ከሚሳሳቡበት ጉልበት አንድ ቢሊዮን ተኩል ጊዜ ያህል ይበልጣል። ካቨንዲሽ እ.ኤ.አ. በ1798 በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠሉ የእርሳስ ኳሶችን ተጠቅሞ ይህን ኢምንት ስበት እስኪለካ ድረስ ከኒውተን መጽሐፍ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ አይበቃውም ቢባል አያስደንቅም።

ለመለማመጃ የሚያስፈልገው የግንበኛ ቱምቢ፣ ሲባጎና ሰዓት ብቻ ነው። ሲባጎው ከመንጠልጠያው እስከ ቱምቢው መካከል በትክክል 1 ሜትር ሆኖ በጥቂቱ ቢወዛወዝ፣ 50 ሙሉ ውዝዋዜ በደብረ ብርሃን 100 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጃል። ከፓሪስ ጋር ያለው ልዩነት ከአንድ ሰከንድ አምስት እጅ አንዱ ያህል ብቻ ስለሆነ በእጅ ሰዓት አይለይም፤ መምህሩም ይህን ሳይደብቅ ቢናገር ይሻላል። ይሁን እንጂ ተማሪው ከዚህ ጊዜ ተነሥቶ የስበትን ፍጥንጥነት ሲያሰላ የሚያገኘው ቁጥር ከመጽሐፍ የተቀዳ ሳይሆን በራሱ ከተማ የለካው ይሆናል።