በየሰዓቱ የሚወርድ ትእዛዝ

ሰው ዘሩን የሚተካበት ምስጢር በአባለ ዘር ብቻ ተወስኖ የሚኖር ቢመስልም፥ ትእዛዙ የሚወርደው ከላይ፥ ከአንጎል ሥር ካለችው ሃይፖታላመስ ከምትባል ትንሽ ክፍል ነው። ይህች ክፍል በበታቿ ላለው ለፒቱታሪ ዕጢ ቃሏን የምታደርሰው በነርቭ ክር ሳይሆን፥ በሁለቱ መካከል በተዘረጉ ጥቃቅን የደም ሥሮች በምታወርደው ንጥረ ነገር እንደ ሆነ እንግሊዛዊው ሊቅ ጄፍሪ ሃሪስ በብዙ ሙከራ አስረድቶ፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 ባሳተመው መጽሐፍ ለሊቃውንት አቀረበ።

ይሁን እንጂ መልእክተኛ አለ ማለት ሌላ፥ መልእክተኛውን ይዞ ማሳየት ሌላ ነው። ፈረንሳዊው ሮዤ ጊልማንና በፖላንድ የተወለደው አንድሪው ሻሊ አስቀድመው በአሜሪካ፥ በሂውስተን ከተማ አብረው ሲደክሙ ቆይተው በ1962 ከተለያዩ በኋላ፥ አንዱ የበግ ሁለተኛው የዐሣማ አንጎል ቁራጭ ከየቄራው በመቶ ሺሕ እየቈጠሩ ሲያስለቅሙ፥ ያም ሁሉ ተፈጭቶና ተጣርቶ እጅግ ጥቂት ቅንጣት ብቻ ሲተርፋቸው፥ ሳይሰለቹ ለብዙ ዓመታት ተፎካከሩ። በ1971 ሻሊና ባልደረቦቹ፥ ከእነርሱም መካከል ጃፓናዊው ማትሱኦ፥ መልእክተኛው ከአሥር አሚኖ አሲዶች የተቀጠለ አጭር ፔፕታይድ መሆኑን ገለጡ፤ መንገዱን የጠረገው ሃሪስም በዚያው ዓመት ዐረፈ። ሁለቱ ተፎካካሪዎች በ1977 የኖቤልን ሽልማት ከሮዛሊን ያሎ ጋር ተካፈሉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በ1978 በፒትስበርግ የኤርንስት ክኖቢል ወገኖች ያሳዩት ነው። የራሳቸው ትእዛዝ ለተቋረጠባቸው ጦጣዎች ይህ ፔፕታይድ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ሲሰጥ ዕጢያቸው እንደ ጤነኛ ሆኖ ሠራ፤ ያለ ማቋረጥ ሲፈስባቸው ግን ዝም አለ። ደወል በየጊዜው ሲመታ ሕዝብን ይጠራል፤ ሌሊትና ቀን ቢጮኽ ግን ሰሚው ጆሮውን ይደፍናል፤ የዕጢውም ነገር እንዲሁ ነው። ከዚህ አንድ ሕግ ሁለት ተቃራኒ ሕክምናዎች ተወለዱ፤ ይኸውም ትእዛዙ የጎደለባት ሴት እንቍላሏ እንዲበስልላት በትንሽ ፓምፕ በየተወሰነ ጊዜ ሲሰጣት፥ የፕሮስቴት ካንሰር ለያዘው ሰው ደግሞ ካንሰሩን የሚመግበው የወንድነት ሆርሞን እንዲነጥፍ ዘወትር የሚሠራው ዓይነት ይሰጠዋል።

ፔፕታይድ ለፍትወት መድኃኒት መሆኑ ግን ከዚህ ዘግይቶ መጣ። ብሬሜላኖታይድ የተባለው ፔፕታይድ፥ ጥንቱ ቆዳን ስለሚያጠቍር መድኃኒት በአሪዞና ይደረግ ከነበረው ምርምር የተወለደ ሲሆን፥ የወር አበባቸው ሳይቋረጥ ፍላጎታቸው ጠፍቶ ለሚጨነቁ ሴቶች በ2019 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ጥቅሙ ግን መጠነኛ ነው፥ ብዙዎቹንም ያቅለሸልሻል።

እንግዲህ ያለ ሐኪም ምክር ከየገበያው ፔፕታይድ ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ ይህን ታሪክ አስቡ፤ በየጊዜው ሲሰጥ ዘርን የሚያነሣው ያው መድኃኒት፥ ያለ ማቋረጥ ሲሰጥ ዘርን ያደርቃል።