መለካት፣ ማሳወቅና ማረጋገጥ፤ የሦስት ቃላት ታሪክ

ሁለተኛ ሰው ሊፈትሸው የማይችል ስሌት በምሕንድስና ሙያ ዘንድ እንደ ተሟላ ሥራ እንደማይቆጠር የታወቀ ነው። ይኸው ደንብ በመንግሥታት መካከል ሲገባ ግን የብዙ ዓመታት ክርክር አስከትሏል። ዛሬ በአየር ንብረት ለውጥ ሪፖርቶች ውስጥ የምናገኛቸው ቃላት ከዚሁ ክርክር የተወለዱ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ በ1992 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ለፊርማ የቀረበው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት ነው። ስምምነቱ በ1994 ሥራ ላይ ሲውል፣ አባል አገሮች ሁሉ የሚለቁትን ሙቀት አማቂ ጋዝ ቆጥረው እንዲያሳውቁ ግዴታ ጣለ። ይሁን እንጂ ግዴታው እኩል አልነበረም። የበለጸጉት አገሮች ሪፖርት በባለሙያዎች ሲመረመር፣ የታዳጊ አገሮች ብሔራዊ መግለጫ ግን አገር በአገር አይመረመርም ነበር። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን መግለጫ ያቀረበችው በ2001 ነው።

በ2007 መጨረሻ በባሊ፣ ኢንዶኔዥያ፣ በተካሄደው ጉባኤ «ሊለካ፣ ሪፖርት ሊደረግና ሊረጋገጥ የሚችል» የሚለው ሐረግ ወደ መድረኩ ወጣ። በረቂቁ ላይ ሐረጉ የተቀመጠው ከታዳጊ አገሮች ተግባር ፊት ነበር። ህንድ ሐረጉ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ እንዲዛወር ጠየቀች። ይህም የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ሐረጉ ከተዛወረ ቁጥጥሩ ከተግባሩ አልፎ በለጋሾቹ ገንዘብና ቴክኖሎጂ ላይም ይደርሳል። አሜሪካ በመጀመሪያ ብትቃወምም ከሌሎች አገሮች ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠማት በመጨረሻ ተቀበለች።

በ2009 በኮፐንሃገን «ማረጋገጥ» የሚለው ቃል አሜሪካንና ቻይናን አከራከረ። በ2010 በካንኩን ታዳጊ አገሮች በየሁለት ዓመቱ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ሲወሰን፣ ለምርመራው የተሰጠው ስም «ዓለም አቀፍ ምክክርና ትንተና» ሆነ። ጣልቃ የማይገባ፣ የማይቀጣና ሉዓላዊነትን የሚያከብር መሆኑም አብሮ ተጻፈ። በ2015 የፓሪስ ስምምነት 13ኛ አንቀጽ ሁሉንም አገሮች በአንድ የግልጽነት ማዕቀፍ ሥር አዋለ፤ አቅማቸው ላልፈቀደ ታዳጊ አገሮችም የአፈጻጸም ልዩነት ፈቀደ። ዝርዝር መመሪያው በ2018 በካቶቪሴ ጸደቀ፤ የመጀመሪያው የሁለት ዓመት የግልጽነት ሪፖርት ማቅረቢያ ጊዜም እስከ 2024 መጨረሻ ሆነ።

ቃላቱ ረቂቅ ቢመስሉም በቁጥር ሲፈተሹ ትርጉማቸው ይገለጣል። የ2006ቱ ዓለም አቀፍ የቆጠራ መመሪያ፣ የራሱ ልኬት ለሌለው የአፍሪካ አገር፣ ከወተት ላም ውጭ ያለ አንድ የቀንድ ከብት ከምግብ መፈጨት በዓመት 31 ኪሎ ግራም ሚቴን ይለቃል ብሎ ይገምታል። ይህ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ሲለወጥ፣ በ1995ቱ ሳይንሳዊ ግምገማ ማባዣ በ21 ተባዝቶ 651 ኪሎ ግራም ይሆናል። ዛሬ በሚሠራበት በ28 ሲባዛ ግን 868 ይደርሳል። ከብቱ አልተለወጠም፤ ሒሳቡ ግን በሲሶ አደገ። «ወጥነት» የሚባለው መርሕ ያለፉት ዓመታት ቁጥሮች በአዲሱ ማባዣ እንደገና እንዲሰሉ የሚያዘው ስለዚህ ነው።

ከዚህም የከበደ ጉዳይ አለ። ማባዣው የተዋሰ ከሆነ ልቀቱ የሚለዋወጠው በከብቱ ቁጥር ብቻ ነው። ገበሬው መኖውን ቢያሻሽልና ከጥቂት ከብት ብዙ ወተት ቢያገኝ፣ በእያንዳንዱ ከብት ላይ የታየው መሻሻል በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ አያገኝም። የእንስሳቱን ክብደት፣ መኖና ምርት መዝግቦ የራሱን ማባዣ ያወጣ አገር ግን የሠራውን ሥራ በማስረጃ ያሳያል።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2011 ባወጣው የአየር ንብረት ለውጥን የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ መሠረት፣ በ2010 ከአገሪቱ ልቀት ግማሽ ያህሉ የመጣው ከግብርናው ነበር። እንግዲህ ድጋፍ የሚጠየቀውም ሆነ የተገኘው ውጤት የሚመዘነው በዚሁ ቆጠራ ስለሆነ፣ መዝገቡን የማደራጀቱ ኃላፊነት ለተደራዳሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ለመለካት የሠለጠነ ባለሙያ ሁሉ ድርሻ አለበት።