ስደተኛው ፕሮፌሰርና የፑሽኪን ቅድመ አያት

«ፑሽኪን የኛ ደም አለበት» ሲባል ያልሰማ ተማሪ የለም። እኔም ክፍል ውስጥ ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ፣ ያውም እንደ ተረጋገጠ ነገር። ጉዳዩን ከምር ከመረመሩት አንዱ ግን እንደኛው ስደተኛ የሆኑ መምህር ነበሩ፤ ቭላዲሚር ናቦኮቭ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ናቦኮቭ በ1899 ሴንት ፒተርስበርግ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለዱ። አብዮቱ መጣና በ1919 አገር ለቀው ወጡ። አባታቸው በ1922 በርሊን ላይ በጥይት ተገደሉ። እሳቸው እዚያው እንግሊዝኛና ቴኒስ እያስተማሩ ኖሩ። ባለቤታቸው ቬራ አይሁዳዊት ስለነበሩ ሂትለር ሲበረታ ወደ ፈረንሳይ ሄዱ፤ በ1940 ደግሞ ከነልጃቸው በመርከብ ወደ አሜሪካ ሸሹ።

ዶክትሬት አልነበራቸውም፤ የያዙት የካምብሪጅን የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ በዌልስሊ ኮሌጅ፣ ከ1948 ጀምሮም ለአስር ዓመት ያህል በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሩሲያን ሥነ ጽሑፍ አስተማሩ። ቬራም አብረው ክፍል እየገቡ ፈተና ያርሙላቸው ነበር። የቶልስቶይን «አና ካሬኒና» ሲያስተምሩ አና የተሳፈረችበት ባቡር ውስጡ ምን እንደሚመስል ሥለው ያሳያሉ። ስለ ትልልቅ ሐሳቦች ከመናገርህ በፊት ወንበሩ የት እንደነበር እወቅ ነው ነገሩ። ለዚህ ደግሞ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል።

የፑሽኪንን «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» ተርጉመው በ1964 ከነማብራሪያው በአራት ቅጽ አሳተሙ። እዚያ ውስጥ ነው የፑሽኪን እናት አያት ስለሆነው ስለ አብራም ጋኒባል ያጠኑትን ያስገቡት። አብራም በልጅነቱ ከቁስጥንጥንያ ተወስዶ በታላቁ ጴጥሮስ ቤት ያደገ፣ በኋላም ጄኔራል የሆነ ሰው ነው። በ1742 በጻፈው ማመልከቻ «ላጎን» በሚባል ከተማ አፍሪካ ውስጥ መወለዱን ገልጿል፤ አገሩን ግን አልጠራም። ሐበሻ ነው የሚለው ከቤተሰቡ በኩል በጀርመንኛ ከተጻፈ የሕይወት ታሪኩ የመጣ ነው። በ1899 አኑቺን የተባለ ሩሲያዊ ምሁር ላጎን ማለት ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ያለው ሎጎ ነው አለ።

ናቦኮቭ ይሄን ዝም ብለው አልተቀበሉም። የድሮ ተጓዦችን መጻሕፍት አገላበጡ፦ በ1699 ከሰናር ተነስቶ ጎንደር የገባውን ፖንሴን፣ ከጎንደር በዚሁ በኛ በገላባት በኩል አድርጎ በ1772 ሰናር የደረሰውን ብሩስን። (ዶካ ያለን ሰዎች ይሄን መንገድ በእግራችን እናውቀዋለን።) በመጨረሻ እርግጠኛ መልስ አላገኙም። እንዲያውም ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ ያለውን የላጎና አካባቢ ጠቀስ አድርገው አልፈዋል። በ1990ዎቹ ኛማንኩ የተባለ የቤኒን ተመራማሪ ያንን አቅጣጫ ይዞ ዛሬ ካሜሩን ውስጥ ያለውን ሎጎን ብርኒን አቀረበ፤ ብዙዎችም ተቀበሉት።

ሰሞኑን ሰሌዳ ላይ ካርታ ሥዬ ሁለቱንም ቦታ ለተማሪዎቼ አሳየኋቸው። አንዷ «ታዲያ ቲቸር፣ የኛ ነው ወይስ አይደለም?» አለችኝ። ላጎን የት እንደሆነ ሳይታወቅ አልመልስልሽም አልኳት። ኩርፍ አለች፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም ቅር ብሎኛል።