የውጭ እጅና የአገር ልጅ፦ የቻይና ትብብርና የወጣቶች ሥልጠና በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በኢትዮጵያና በቻይና መካከል ስለ ተደረገው የልማት ትብብር ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የመንገዱ ርዝመትና የብድሩ ብዛት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሌላ ነገር ነው። ሥራው አልቆ የውጭ አገሩ መሐንዲስ ጓዙን ጠቅልሎ ሲመለስ፣ በአገሩ ወጣት እጅ የሚቀረው ዕውቀት ምን ያህል ነው? ለዚህም ጥያቄ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን አዳማን መርጠናል። ከርሷም ጋራ በአንድ መሥመር የተያያዙትን ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን፣ እንዲሁም ወደ ደቡብ ወረድ ብለን በሐይቆቹ አገር ያለውን አላጌን እናነሣለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ከቻይናዎች በፊት የመጡት

አዳማ የባዕድ ሙያተኛ ስታይ የቻይናው የመጀመሪያዋ አይደለም። የፈረንሳዮቹ ኩባንያ ከጅቡቲ የዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በኋላ ናዝሬት ተብላ ለብዙ ዘመን የተጠራችው አዳማ የገበያና የመናኸሪያ ከተማ ሆና ያደገችው በዚሁ ሐዲድ ምክንያት ነው። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበረ፤ ስለዚህም ለገሃር የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ ወደ እኛ አፍ ገባ። የአገሩም ልጅ በድሬዳዋ የጥገና ፋብሪካ ውስጥ ከረዳትነት እየጀመረ ሙያውን ቀስ በቀስ ተማረ።

ከባቡሩ በኋላ የመጡት ሆላንዶች ናቸው። በጃቫ ደሴት በሸንኮራ አገዳ እርሻ የታወቀው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው ኩባንያ በ1943 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋራ ተዋውሎ፣ ከአዳማ ደቡብ በወንጂ ሜዳ የመጀመሪያውን ስኳር በ1946 ዓ.ም. አወጣ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ከኢጣልያ በተከፈለ የጦር ካሣ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ ተመረቀ። እነዚህ ሥራዎች ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ሆነዋል፤ ነገር ግን ያለ ዋጋ የተገኙ አልነበሩም። የኩባንያው እርሻ በአዋሽ ወንዝ ተከትሎ ወደ መተሐራ በተስፋፋ ጊዜ የከረዩ ከብት አርቢዎች የግጦሽ ምድራቸውን አጥተዋል።

እንግዲህ ቻይናዎች በመጡ ጊዜ የአዋሽ ሜዳ ሕዝብ የውጭ አገር ሥራ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ አስቀድሞ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ለ. ከጦር ሜዳ ወደ ስምምነት

የሁለቱ መንግሥታት የዘመናችን ግንኙነት በወዳጅነት አልተጀመረም። ከ1943 እስከ 1945 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ጦር በኮርያ ሲዋጋ፣ ከፊቱ ከተሰለፉት መካከል የቻይና ወታደሮች ነበሩ። ሆኖም ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በሚያዝያ 1947 ዓ.ም. በባንዱንግ በተደረገው የእስያና የአፍሪካ ጉባኤ ላይ የሁለቱም አገሮች መልእክተኞች ተገኙ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ በ1956 ዓ.ም. አፍሪካን ሲጐበኙ አሥመራ ላይ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋራ ተነጋገሩ። የዲፕሎማሲ ግንኙነት የተመሠረተው ኅዳር 15 ቀን 1963 ዓ.ም. ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱም በመስከረም መጨረሻ 1964 ዓ.ም. ቤይጂንግ ሄደው ከሊቀ መንበር ማኦ ጋራ ተገናኙ። በዚያን ጊዜ የተፈረመው የኢኮኖሚና የቴክኒክ ትብብር ስምምነት ካፈራቸው ሥራዎች ዋናው የወልድያና የወረታ መንገድ ነው።

ለእኛ ጥያቄ ከዚህ ታሪክ ይልቅ የሚጠቅመው ዡ ኤንላይ በዚያው ጉዟቸው የገለጹት ስምንት የእርዳታ መመሪያ ነው። ከነዚህም አንዱ፣ የቴክኒክ እርዳታ በሚሰጥበት ጊዜ ተቀባዩ አገር ሰዎች ዕውቀቱን አጥርተው እንዲይዙ ማድረግ ይገባል የሚል ነው። ይህ የቻይና መንግሥት በራሱ ላይ የጣለው ግዴታ ስለ ሆነ፣ ሥራውን በዚሁ ሚዛን ብንመዝነው ግፍ አይሆንም።

ሐ. ወጣቶች ሲገናኙ

ስለ ወጣቶች መለዋወጥ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በደስታ ቃል ነው። የታሪኩ መጀመሪያ ግን አስቸጋሪ ነበረ። በ1953 እና በ1954 ዓ.ም. ወደ ቻይና ከሄዱት 118 የአፍሪካ ተማሪዎች መካከል 96ቱ ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ተመልሰዋል። የቋንቋው ክብደት፣ የፖለቲካው ትምህርት መብዛት፣ ከአገሩ ሰው ጋራ እንደ ልብ አለመቀላቀልና በቆዳ ቀለም ምክንያት የደረሰባቸው ንቀት ከተጠቀሱት ምክንያቶች ውስጥ ናቸው። ከዚህ የምንረዳው የነጻ ትምህርት ዕድል ብቻውን ወዳጅነትን እንደማያስገኝ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የተሻለ ነው። ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ ቻይና የታንዛኒያንና የዛምቢያን ባቡር 1,860 ኪሎ ሜትር ያህል ስትዘረጋ፣ 200 የሚጠጉ የሁለቱ አገሮች ወጣቶች በቤይጂንግ የባቡር ምሕንድስና እንዲማሩ አድርጋለች። በዚህ ጊዜ ወጣቱ የተላከው ለአንድ ለታወቀ ሥራ ነው፤ ተመልሶ የሚሠራበት ሐዲድ በአገሩ ይጠብቀው ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የቻይናና የአፍሪካ የትብብር ጉባኤ በ1993 ዓ.ም. ቤይጂንግ ላይ ከተመሠረተ በኋላ ሁለተኛው ስብሰባ በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ቻይና 12 ወጣት በጎ ፈቃደኞችን ወደ ኢትዮጵያ ላከች። ወደ አፍሪካ ከላከቻቸው የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ነበሩ። ሥራቸውም ቋንቋና ስፖርት ማስተማር፣ የኮምፒዩተር ሙያ፣ ሕክምናና ከከብት ፍግ የማገዶ ጋዝ ማውጣት ነበረ። ከዚህ ቀጥሎ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የቤይጂንግ ጉባኤ 300 ወጣቶችን ወደ አፍሪካ ለመላክ ቃል ተገባ።

ከበጎ ፈቃደኞቹ ይልቅ ረዥም ጊዜ የቆየው ግን የግብርና መምህራኑ ሥራ ነው። ከ1994 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የቻይና የግብርና መምህራን በየዓመቱ እየመጡ በኢትዮጵያ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አስተምረዋል። በስምጥ ሸለቆው በሻላና በአብያታ ሐይቆች አካባቢ ያለው የአላጌ ኮሌጅ ከነዚህ አንዱ ነው። ከኮሌጆቹ የሚወጣው ወጣት በየቀበሌው የልማት ሠራተኛ ሆኖ ከገበሬው ጋራ የሚውል በመሆኑ፣ በክፍሉ ውስጥ የሰማው ነገር እስከ ማሳው የመድረስ ዕድል ነበረው።

ይሁን እንጂ በመካከል አንድ እንቅፋት ነበረ። መምህሩ በቻይንኛ እያሰበ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ተማሪው በእንግሊዝኛ ሰምቶ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ያስባል፤ ኋላም ለገበሬው በገበሬው ቋንቋ ያስረዳል። ዕውቀቱ ሦስት ወንዝ ተሻግሮ ስለሚደርስ በየመሻገሪያው የሚቀር ነገር አይጠፋም። ስለዚህ ተግባሩ ከቃሉ በላይ ያስተምራል፤ ዘር አዘራርና ችግኝ አፈላል በእጅ ሲታይ ተርጓሚ አያሻውም።

መ. መንገዱ፣ ነፋሱና ባቡሩ

አሁን ወደ አዳማ እንመለስ። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በዚህች ከተማ ዙሪያ በአጭር ጊዜ የተሠሩት የቻይና ሥራዎች በአገሪቱ ውስጥ እጅግ ከታወቁት ናቸው።

የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሥራው በ2002 ዓ.ም. ተጀምሮ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ተመረቀ። የሠራው የቻይና ኮሙኒኬሽንስ ኮንስትራክሽን ኩባንያ ነው፤ ገንዘቡም ከቻይና ኤክዚም ባንክ በብድርና ከኢትዮጵያ መንግሥት ተገኘ። መንገዱን የሚያስተዳድረውና ክፍያውን የሚሰበስበው ግን የአገሩ ድርጅት ነው፤ ስለዚህ ከምረቃው በኋላ ሥራው በአገሩ ልጅ እጅ ቀረ።

የነፋሱ ኃይል ከዚህ ይለያል። ከአዳማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባሉት ኮረብታዎች ላይ በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት፣ በግንቦት 2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ጣቢያዎች ተመርቀዋል። የመጀመሪያው 34፣ ሁለተኛው 102 ተርባይኖች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ተርባይን 1.5 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ውሉ ንድፉን፣ ዕቃውንና ግንባታውን አንድ ወገን ሠርቶ ጨርሶ የሚያስረክብበት ዓይነት ነበረ። እንዲህ ያለው ውል ሥራን ያፋጥናል፤ በዚያው መጠን ግን የአገሩን መሐንዲስ ከንድፉ ያርቀዋል። ተርባይኑ ተሠርቶ የመጣ ዕቃ ስለ ሆነ ወጣቱ ሊማር የሚችለው በአብዛኛው መትከልን፣ መቈጣጠርንና መጠገንን ነው።

ሆኖም አንድ መልካም ነገር ተደርጓል። መንግሥት የባለቤቱ አማካሪ እንዲሆኑ የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ መምህራንን መደበ። የውጭ አማካሪ ተቀጥሮ ቢሆን ዕውቀቱ ከቀጣሪ ወደ ተቀጣሪ ተሻግሮ አብሮ በሄደ ነበር። መምህሩ ግን ሰነዱን መርምሮ፣ ከተቋራጩ ጋራ ተከራክሮ፣ በማግስቱ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ያየውን ለተማሪዎቹ ያስተምራል። ይህ ለኮሌጅ ሰዎች ትልቅ ትምህርት ነው ብለን እናምናለን።

ሦስተኛው ሥራ ፋብሪካ ነው። በዱከም በሚገኘው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ሁዋጂያን የተባለው ጫማ ሠሪ ኩባንያ በጥር 2004 ዓ.ም. ማምረት ከመጀመሩ በፊት ከ80 በላይ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ቻይና ልኮ አሠለጠነ። በአዳማም ሌላ የቻይና ድርጅት የገነባው የኢንዱስትሪ ፓርክ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ተመረቀ። የፋብሪካ ሥልጠና ቶሎ ይደርሳል፤ ሙያው ግን ከአንድ ማሽን አጠገብ ስለማያልፍ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ወይም ደመወዙ ኑሮን ሳይችል ሲቀር ሠራተኛው ይዞት የሚሄደው ጥቂት ነው።

አራተኛውና ዋናው ባቡሩ ነው። ከሰበታ እስከ ጅቡቲ ወደ 752 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ክፍል ድርብ ሐዲድ ነው። መደበኛ ሥራውን በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ሲጀምር፣ የገነቡት ሁለቱ የቻይና ድርጅቶች ለስድስት ዓመት እንዲያስተዳድሩት በዚያም ጊዜ ኢትዮጵያውያንንና ጅቡቲያውያንን እንዲያሠለጥኑ ተደረገ። ወጣቶች ባቡር መንዳትን፣ የምልክት ሥራንና ጥገናን ከፊሉ በቻይና፣ ከፊሉ በሐዲዱ ላይ ተማሩ። መጀመሪያ የቻይናው ነጂ መሪውን ይይዝ፣ ኢትዮጵያዊው አጠገቡ ይቀመጥ ነበር፤ ኋላ ቦታቸው ተለዋወጠ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. አስተዳደሩ ለሁለቱ አገሮች ሠራተኞች ተላለፈ። በፈረንሳዮቹ ዘመን ብዙ ዓሥርት ዓመታት የወሰደው ነገር አሁን በስድስት ዓመት መደረጉ፣ ቀኑ አስቀድሞ የተቈረጠ በመሆኑ ነው እንላለን።

ከዚህ ጋራ ሳንጠቅሰው የማናልፈው ነገር አለ። ባቡሩ ከመመረቁ ከሦስት ቀን በፊት፣ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰው ሞቷል፤ ከዚያም በኋላ በኦሮሚያ አንዳንድ ስፍራዎች የውጭ ባለሀብቶች ፋብሪካዎችና እርሻዎች ተቃጥለዋል። የሐዘኑ ምክንያት ሌላና ሰፊ ነው፤ ከባቡሩ ጋራ እንደ ምክንያትና ውጤት አናያይዘውም። ነገር ግን በአካባቢው የመሬትና የሥራ ጥያቄ ለዓመታት ሲነሣ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ልጅ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ የሚያየው ሥራ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ የኔ ነው ሊለው አይችልም። የሰው ወርቅ አያደምቅም እንደሚባለው ነው።

ብድሩም እንዲሁ የወጣቱ ጉዳይ ነው። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የባቡሩ ዕዳ መክፈያ ጊዜ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ከቻይና ጋራ ስምምነት መደረጉ ተገልጿል። ይህ ማለት ሐዲዱ ሲመረቅ የተወለደው ሕፃን አድጎ ሠራተኛ በሆነ ጊዜ ዕዳውን ከሚከፍሉት አንዱ ይሆናል ማለት ነው። ከፋዩ እርሱ ከሆነ ሙያውም ለእርሱ ሊሆን ይገባል።

ሠ. መደምደሚያ

ከላይ የዘረዘርናቸውን ብናነጻጽር አንድ ነገር ግልጥ ሆኖ ይታያል። ሥልጠናው በውሉ ውስጥ ከነጊዜው በተጻፈበት ስፍራ፣ እንደ ባቡሩ፣ ዕውቀቱ ተላልፏል። የአገሩ ምሁር በሥራው መካከል በተቀመጠበት ስፍራ፣ እንደ ነፋሱ ጣቢያ፣ ንድፉ ባይገኝም ማስተዋሉ ተገኝቷል። ሥልጠናው በአሠሪው ፈቃድ ላይ ብቻ በቀረበት ስፍራ ግን የተገኘው የዕለት ሥራ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው የቻይናው ቸርነት ወይም ንፍገት ብቻ አይደለም፤ የራሳችን ተዋዋዮች በጠረጴዛው ላይ የጠየቁትና ያልጠየቁትም ነው።

ከዚህ በመነሣት ሁለት አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ወደፊት በሚደረገው የልማት ውል ሁሉ የማስረከቢያው ቀንና የሚሠለጥኑት ወጣቶች ሙያ ተለይቶ ይጻፍ፤ ሥራው ከሚሠራበት ወረዳ የሚመጡትም ወጣቶች ድርሻ ይታወቅ። ሁለተኛ፣ የጥገናና የአሠራር መጽሐፎች ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ ይተርጐሙ፤ ይህም የቋንቋና የምሕንድስና ተማሪዎች አብረው ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነው።

የአዳማ ኮረብታ ተርባይኖች እንደ ማናቸውም መኪና ዕድሜ አላቸው። አርጅተው የሚተኩበት ዘመን ሲደርስ አዲሶቹን ማን እንደሚነድፋቸው የሚወሰነው ግን ዛሬ በየክፍላችን በምንማረውና በምናስተምረው ነው።