በዘመዱ ጥፋት የተጠረጠረው ኪኒን

ቤቱ የስኳር ሕመምተኛ ያለ ሰው ሜትፎርሚንን ያውቀዋል። «ኩላሊት ይጨርሳል» የሚለውንም ወሬ ሳይሰማ አይቀርም። እኔ እንደማየው ወሬው ውስጥ የሌላ መድኃኒት ጥፋት ተቀላቅሏል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ሜትፎርሚንን ለስኳር ሕመምተኞች ሰጥቶ ውጤቱን ያሳተመው በ1957 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ኪኒኑ ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል። ቆሽትን «ኢንሱሊን ጨምር» ብሎ ስለማያስገድድም ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው።

በዚያው ዘመን ፌንፎርሚን የተባለ የቅርብ ዘመዱ አሜሪካ ገባ። ከሜትፎርሚን ይበረታል፤ ግን ደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ እያከማቸ ሰው ገደለ። መንግሥት በ1977 ከገበያ አስወጣው። ጥርጣሬው ለሜትፎርሚንም ተረፈ፦ አውሮፓ ሲጠቀምበት ኖሮ አሜሪካ የፈቀደችው በ1994 መጨረሻ ነው። 37 ዓመት!

ጉዳት የለውም አልልም። ሆድ ያውካል፣ ያስቀምጣል፤ ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊያሳንስ ይችላል። ኩላሊትን ግን አያበላሽም። አሲዱ የሚያሰጋው ቀድሞ የደከመ ኩላሊት መድኃኒቱን ማስወጣት ሲያቅተው ነው፤ ሐኪም የኩላሊት ምርመራ የሚያዝዘውም ለዚህ ነው። ወሬ ሰምቶ ኪኒኑን በገዛ እጁ ላቆመ ሰው፣ ኩላሊቱን የሚጎዳው ከፍ ብሎ የሚቆየው ስኳር ነው።