ከካዎው ግቢ እስከ ሶዶ መድረክ

ስለ ወላይታ ታሪክ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ከነገሥታቱ አይወጣም። የካዎ ሐላላ ካብ፣ የካዎ ጦና ጀግንነት፣ በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር የዘመተበት ያ ክፉ ጦርነት። ይነገር፤ ማን ጠላ? ግን በግቢው ይነፋ የነበረው ዛዬ ንጉሡ ከተማረከ በኋላ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እኛም ይህን ጥያቄ ያነሣነው በጊፋታ ሰሞን ሶዶ ላይ ነፊዎቹን ቆመን ካየን ወዲህ ነው። ዲንኬና ሁልዱዱዋ በጆሮ ብቻ አይገባም። በሬዲዮ ሲሰማ አንድ ሰው የሚነፋው ረዥም ዜማ ይመስላል። ፊት ለፊት ሲታይ ግን እያንዳንዱ ነፊ ያለችው አንዲት ድምፅ ናት። ተራውን ይጠብቃል፣ ድምፁን ጣል ያደርጋል፣ ጎረቤቱ ይቀበለዋል። ዜማው የማንም አይደለም፤ አንዱ ከቀረ ይሸረፋል። ጨፋሪውም ወገቡን የሚያንቀሳቅሰው ይህንኑ ቅብብሎሽ ይዞ ነው።

ነገሩ የወላይታ ብቻ አይደለም። ጎረቤቶቻችን ዶርዜዎች በጉሮሯቸው ያደርጉታል። ፈረንሳዊው አጥኚ በርናር ሎርታ ዣኮብ ድምፃቸውን ቀርጾ በ1977 እ.ኤ.አ. በሸክላ አሳትሟል። ይኸው ሰውዬ ኋላ ሰርዲኒያ በምትባለው የኢጣሊያ ደሴት፣ አራት ሆነው ድምፅ ለድምፅ እያጋጠሙ ከሚዘፍኑ የገጠር ሰዎች ጋር ዓመታት ሠርቷል። እኛ በደጃችን ያለውን ሳናየው ባዕድ ሁለቱንም ሰማ!

ታዲያ ካዎው ሲቀር ለቅሶ አልቀረም። ሁልዱዱዋ የተከበረ ሰው ሲሞት እየተነፋ ኖረ፤ ግቢ ያጣ ሙዚቃ በሐዘን ቤት ተጠለለ ማለት ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ የኪነት ቡድኖች መጡ። ብዙ ዘፈን ከመረሳት አድነዋል፣ ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን ክቡ ተፈትቶ ሰልፍ ሆነ፣ ፊት ወደ ተመልካች ዞረ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚሄደው ጨዋታ በደቂቃ ተለካ። በክቡ ውስጥ እኮ ተመልካች የሚባል ሰው አልነበረም፤ የቆመ ሁሉ ያጨበጭባል፣ ይቀበላል።

ዛሬ መድረኩ ላይ ኪቦርድ አለ። አንድ ልጅ በአሥር ጣቱ የነፊዎቹን ሁሉ ድምፅ ይጫወታል። ጨዋታው አይከፋም፣ እኛም ጨፍረንበታል። ግን ነፊዎቹ ዳር ቆመው ተራ ሲጠብቁ ተራው አይደርሳቸውም።

በየቀበሌው ነፊ አባት ያላችሁ የወላይታ ልጆች፣ በሚመጣው ጊፋታ መቅረጫችሁን ከድምፅ ማጉያው ፊት አትደግኑት። ወደ ነፊዎቹ ክብ ግቡና የእያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ቅረጹ፤ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚነፋም ጻፉ።